ከባዶው ታንከር ሲንኳኳ

ምትኩ ጠዋት ጠዋት የቀለም ፋብሪካውን መበጥበጫ ክፍል ሲከፍት ቀድሞ የሚቀበለው ሽታው ነው፤ ሊበላሽ የደረሰ ሙዝ ይሸታል። ሠራተኞቹ «የዋሁ» የሚሉት አዲሱ አሟሚ እንደ ድሮው ቲነር ዓይን አያቃጥልም። ቀለም ያቀጥናል፣ ሙጫ ያላላል፣ ታንከር ያጥባል፣ ጎረቤት ያለው ፋብሪካም ሌላ ኬሚካል ይሠራበታል። ሰው አይጎዳም ተብሎ ነው የመጣው። ያ ግን ነፋስ ባለበት ነው፤ በተዘጋ ታንከር ውስጥ ቀስ እያለ የአየሩን ቦታ ይይዛል።

ስለዚህ ታንከር ሊፍቅ የገባ ሰው በእንጨት መፋቂያው ግድግዳውን ያንኳኳል፤ ከላይ የሚጠብቀውም በመፍቻ ይመልስለታል። ማንኳኳቱ ከቆመ በገመድ ይጎትተዋል። የሥራ ባልደረባው ቶለሳ የገባ ቀን ጠባቂው ምትኩ ነበር። ስልክ ሊያወራ ወደ በሩ ወጣ። ማንኳኳቱን ሰምቷል፤ «የዋሁ ምን ያደርገዋል» ብሎ ወሬውን ቀጠለ፤ ማንኳኳቱ ሲቆምም ገመዱን አልጎተተም። በኋላ ለኃላፊዎቹ «ሳላዘው ነው የገባው» አላቸው፤ ቶለሳም ከሞተ በኋላ እምቢተኛ ተባለ።

ለቅሶ ላይ የቶለሳ ሚስት ብርቂቱ የምትኩን እጅ ይዛ፣ «ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ሬሳውንስ ማን ያወጣልኝ ነበር?» አለችው። ከዚያ ወዲህ ያንን እጁን ሲያየው ያፍራል። እውነቱን ሊነግራት ሁለቴ እስከ ደጇ ሄዶ ተመልሷል።

ማንኳኳቱ የጀመረው ከለቅሶው በኋላ ነው። መጀመሪያ ፀሐይ ያሞቀው ቆርቆሮ መሰለው። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ታንከሩ ባዶ ሆኖ፣ ከታች፣ ከጨለማው፣ እንጨት ብረት ሲመታ ሰማ፤ ከዚያም መልስ የሚጠብቅ ሰው እንደሚያደርገው ዝም ይላል። ሌሎቹ ቀና አይሉም። እንዳይጠይቃቸው፣ ለምን እንደፈራ ይገባቸው ይሆናል ብሎ ሰጋ።

«ጋሽ ምትኩ፣ ምሳ አይበሉም?» አለው ሙላት፣ አብሮት የሚሠራው።

«ሂድ፣ እመጣለሁ።»

ክፍሉ ጭር ሲል ተንኳኳ፤ ዛሬ ደከም ብሏል። ምትኩ መፍቻውን አንስቶ መታ። ከታች ወዲያው ተመለሰለት፤ የሙዙ ሽታም ከታንከሩ ወጥቶ በአፉ ገባ። በታንከሩ አፍ አጎንብሶ ሲያይ ከጨለማው የነጣ ፊት ቀና አለ፤ የለበሰው ቱታ ክርኑ ላይ ተጥፏል። የምትኩም ቱታ እዚያው ላይ ተጥፏል።

ደግሞ ሊመታ ክንዱን አነሳ። እጁ ላይ ያለው ግን መፍቻው ሳይሆን የእንጨት መፋቂያ ነው፤ የታንከሩ አፍ ብርሃንም ክብ ሆኖ ከራሱ በላይ፣ ሩቅ ነው። አንኳኳ፤ መልስ የለም። ደግሞ አንኳኳ፤ ከላይ ግን የራሱ የምትኩ ድምፅ ረጋ ብሎ፣ «ሳላዘው ነው የገባው» ሲል ተሰማ።