የኤርለንሮት ጣቢያ ማናጀር

«ደረጃው እዚህ ጋ አይደለም» አሉ እማማ ጌጤነሽ፣ ጣታቸውን ነጩ ካርቶን ላይ እንደ ችንካር ተክለው።

ሶልያና ብዕሯን አስቀመጠች። ሦስት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብላ የሳለችው ሥራ ነው። ካርቶኑ ለንደን ዊልስደን ያለውን የቤታቸውን ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር ስለያዘው እናቷ ጸዳለ ሦስት ቀን ራቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በልታለች። በሰማያዊና በቀይ የተሳለችው ከፍራንክፈርት ወጣ ብላ ያለች፣ ኤርለንሮት የምትባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ ናት። ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ቤት፣ ሦስት ሐዲድ፣ ሁለት መሳፈሪያ፣ በሐዲዱ ሥር የሚያልፍ የእግረኛ መተላለፊያ። የጀርመንኛ አስተማሪዋ «ከጀርመን አንድ ቦታ ምረጡ፤ ታሪኩንና አሠራሩን አሳዩ» ስትል፣ ሶልያናና ጓደኛዋ ዊጅዳን የመረጡት እማማ ጌጤነሽ የሠሩበትን ጣቢያ ነው።

«ከኢንተርኔት ነው ያየሁት እማማ። ቼክ አድርጌያለሁ።»

«ኢንተርኔቱ ጠርጎት ያውቃል?»

ዊጅዳን ከጠረጴዛው ማዶ በሳቅ ፈነዳች። ሶልያና አልሳቀችም፤ ሦስት ቀን ያጎነበሰችው እሷ ናት።

እማማ ጌጤነሽ የጸዳለ አክስት ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። አለመቁጠራቸውን ሲናገሩም እንደ ሌላው ሰው አንገታቸውን አይደፉም፤ «ፊደሉም እኔን አልቆጠረኝም፣ ተቻችለን ኖርን» ይላሉ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ልጃቸው ታሰረ። ስንቅ ሲያመላልሱ ከርመው፣ ልጁ ተፈቶ አገር ጥሎ ሲወጣ እሳቸውም ወጡ። እሱ ካናዳ ገባ፣ እሳቸው ጀርመን ቀሩ። ኤርለንሮት ጣቢያን አሥር ዓመት ጠርገዋል። ጸዳለ ለንደን ያመጣቻቸው ጉልበታቸው እምቢ ሲል ነው። ምላሳቸው ግን እምቢ ብሎ አያውቅም።

«ስሚ» አሉ ወንበር ስበው። «አንደኛው ሐዲድ ቤቱን ታክኮ ያልፋል። ሁለትና ሦስት መሀል ላይ፣ እንደ ደሴት ካለው መሳፈሪያ ግራና ቀኝ ናቸው። ወደ ደሴቱ ለመሻገር በሥር ትገቢያለሽ። መግቢያው በሰዓቱ በኩል ነው። አንቺ በሽንት ቤቱ በኩል አድርገሽዋል። መንገደኛውን ሁሉ ሽንት ቤት ልትከቺው ነው።»

«እሺ፣ ሌላስ?» ዊጅዳን ስልኳን አስቀምጣ ተጠጋች።

«ደረጃው ሃያ ሁለት ነው። ከታች አሥራ ዘጠኙ ድንጋይ፣ ከላይ ሦስቱ ሲሚንቶ። አዲሶቹ ባቡሮች በራቸው ከፍ ብሎ ሲመጣ መሳፈሪያውንም ከፍ አደረጉት፤ ደረጃ ተጨመረ። ቤቱን ማን ያነሳዋል? እዚያው ቀረ። አሁን ከሐዲዱ ማዶ ሆነሽ ስታዪው ተንበርክኮ የሚያስቀድስ ይመስላል። የመጠበቂያ አዳራሹ ደግሞ ድሮ ሁለት ነበር፣ የሀብታምና የድሃ። መሀሉን የከፈለው ግድግዳ ፈርሶ ነው አንድ የሆነው።»

«እሱን ማን ነገረዎት?»

«ወለሉ። በአንደኛው በኩል ንጣፉ አበባ አበባ ነው፤ መወልወያ አንዴ ካለፈበት ያበራል። በሌላው በኩል ተራ ንጣፍ ነው፤ ውኃውን ይጠጣል፣ ሁለቴ ወልውለሽው መልሶ ይደበዝዛል። በመሀላቸው የግድግዳው ጠባሳ አለ፣ ይህን የሚያህል» ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። «ግድግዳው ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፤ የድሃው ወገን ግን ዛሬም ሥራ ያበዛል።»

ዊጅዳን ስልኳን አንስታ ቆፈረች። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ያረጀ ፎቶግራፍ አገኘች። ጢማቸው የተጠቀለለ ሰዎች ጡቡ ቤት ፊት ተሰልፈዋል፤ ከኋላቸው ሁለት በር አለ፤ በእያንዳንዱ በር ላይ የየራሱ የማዕረግ ቁጥር ተጽፏል።

«ሲሪየስሊ?» አለች ዊጅዳን። «እማማ፣ እርስዎ ጉግል ነዎት ወላሂ።»

«ስድብ ነው?»

«ምርቃት ነው።»

ሶልያና አዲስ ካርቶን ዘረጋች። ጸዳለም ራቷን ለተጨማሪ ሁለት ቀን ጉልበቷ ላይ በላች።

ነገሩ የተበላሸው ካርቶኑ ትምህርት ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። አስተማሪዋ ሚስ ኮልማን መነጽሯን አውልቃ፣ መልሳ አድርጋ፣ ሦስቱን የሲሚንቶ ደረጃዎችና የግድግዳውን ጠባሳ እያየች፣ «ይሄ የትም ተጽፎ አላየሁም። ማን ነገራችሁ?» አለች።

«የሶልያና አክስት» አለች ዊጅዳን፣ ትንፋሽ ሳትወስድ። «የዚያ ጣቢያ ማናጀር ነበሩ።»

ሶልያና ጎኗ ቆማ ነበር። አፍ አላት፣ ምላስም አላት። ግን ሚስ ኮልማን ፊቷ በርቶ ወደ እሷ ዞረች፤ እንደዚያ አይታት አታውቅም። ዝም አለች። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሏታል። ዊጅዳን እዚያው «ምንጭ፦ የቀድሞ የጣቢያው ማናጀር» ብላ ካርቶኑ ግርጌ ጻፈች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሶልያና ዝምታ ግን ሳምንትም አልቆየ፣ ነቀዘ።

ሰኞ ዕለት ሚስ ኮልማን ሁለት ነገር ተናገረች። አንደኛው፣ ከክፍሉ የተመረጡት ሦስት ጥንዶች ብቻ እንደቀሩና ያሸነፈው ጥንድ በሚያዝያ ፍራንክፈርት እንደሚሄድ፣ የሶልያናና የዊጅዳን ሥራም ከሦስቱ አንዱ እንደሆነ ነው። የተጭበረበረ ምንጭ ያቀረበ ግን ያለ ክርክር ይሰረዛል። ሁለተኛው፣ ሐሙስ ከሰዓት ወላጆች ስለሚመጡ ማናጀሯ ራሳቸው መጥተው እንዲናገሩ ነው።

«ሞትን» አለች ሶልያና፣ አውቶብስ ላይ።

«ቺል በይ። ምን ይሆናል?»

«ለምን ግን ማናጀር አልሻቸው?»

ዊጅዳን በመስኮቱ እያየች መለሰች። «አባቴ ወሎ ሒሳብ አስተማሪ ነበር። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በአልጋ ይገፋል። "አስተማሪ ነበር" ስል ሰው ቀና ብሎ ያየኛል። "አልጋ ይገፋል" ስል "ኦ፣ ናይስ" ብለው ስልካቸውን ያያሉ። ጠራጊ ናቸው ብንል እማማን ማን ይሰማቸው ነበር?»

«አባትሽ ግን እውነትም አስተማሪ ነበሩ።»

ዊጅዳን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «ለማንኛውም የምታስተረጉሚው አንቺ ነሽ» አለች። «ሁሉም በአንቺ አፍ ነው የሚያልፈው።»

ይህ እውነት ነው። ሶልያና ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ አስተርጓሚ ናት፤ ሐኪም ቤት፣ እንደ ቀበሌ ያለው ካውንስል፣ አንዴም ክሮይደን ያለው የስደተኞች ቢሮ ድረስ ሄዳ። ለንደን የተወለደ የእኛ ልጅ ሁሉ ይህችን ሥራ ያውቃታል፤ ቅጥር የላትም፣ እረፍት የላትም። ሶልያና ደግሞ ጥሩ መቀስ አላት። እማማ ጌጤነሽ ሐኪሙን «እጅህ የሬሳ እጅ ይመስላል፣ ሳትነካኝ በፊት አሙቀው» ቢሉት፣ ሶልያና «ትንሽ በርዷቸዋል» ብላ ታሳልፋለች። ስንት ጠብ እንዲህ ተቆርጦ ቀርቷል። እማማ አፍንጫቸው ሥር የሚሆነውን አያውቁም ብላ ታስብ ነበር። ልጅ አይደለች?

ሐሙስ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ጸዳለ ባተርሲ ሥራ ላይ ስለነበረች አልመጣችም። እማማ ጌጤነሽ ጀርመን የገዙትን ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ለብሰው፣ ጫማቸውን አስወልውለው፣ ከፊት ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተቀመጡ። ሶልያና ጎናቸው ቆመች። ዊጅዳን ካርቶኑን ይዛ ግድግዳው ጋ ናት።

ሚስ ኮልማን ፈገግ ብላ ጀመረች። «በማናጀርነትዎ ጠዋት የመጀመሪያው ሥራዎ ምን ነበር?»

«ጠዋት መጀመሪያ ምን ይሠሩ ነበር ይላሉ» አለች ሶልያና።

«ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን እከፍትና ውኃ እቀዳለሁ። ሙቅ ውኃ። በቀዝቃዛ የሚወለውል ሰነፍ ነው። መወልወያዬን ነክሬ የሀብታሙን ወገን አንዴ፣ የድሃውን ሁለቴ እሄድበታለሁ። ከዚያ ደረጃውን ከላይ ወደ ታች። ከታች ወደ ላይ የሚወለውል ደግሞ ሰነፍ ብቻ አይደለም፣ ሞኝ ነው።»

«ጣቢያውን ገና ሳይነጋ ይከፍቱ ነበር» አለች ሶልያና በእንግሊዝኛ። «ከዚያ አዳራሹንና ደረጃውን ይቆጣጠራሉ።»

ወላጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚስ ኮልማን ስለ ግድግዳው ጠባሳ ጠየቀች። እማማ በሰፊው ተናገሩ፤ ስለ ውኃው፣ ስለ ንጣፉ፣ እርጥቡን ወለል ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ስለሚረግጡት ሰዎች። ሶልያና «ወለሉን ሲመረምሩ አስተዋሉት» አለች።

እማማ ጌጤነሽ ቀጣዩን ጥያቄ አልጠበቁም።

«አንቺ ልጅ።»

«አቤት እማማ።»

«መወልወያዬን የት ጣልሽው?»

አዳራሹ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ከሦስቱ በቀር የለም። ዊጅዳን ካርቶኑን ይዛ ደረቀች።

«ሁለቴ ተናገርኩ፣ ሁለቴም ሳይገባ ቀረ። "ክሊኒንግ" የምትለዋን ቃል አውቃታለሁ፤ አንዴ እንኳ ከአፍሽ አልሰማኋትም።»

«በኋላ ልንገርዎት?»

«አሁን ንገሪኝ። በኋላማ የት እሄዳለሁ፣ ቤትሽ ነው ያለሁት።»

ሶልያና ጫማዋን አየች። «ማናጀር ነበሩ ብለናቸዋል።»

እማማ ጌጤነሽ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ሚስ ኮልማን ፈገግታዋን እንደያዘች ናት።

«ማናጀሩንማ አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፣ ሰዓቱን ቀና ብሎ ያያል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን እርጥቡ ላይ ተንሸራቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ደረጃው ስንት እንደሆነ ብትጠይቂው አያውቅም። አሁን እኔን በእሱ ልትለውጪኝ ነው?»

«አይደለም እማማ፣ እኛ...»

«ያፈርሽው በማን ነው? እኔ ያላፈርኩበትን አንቺ ከየት አምጥተሽ አፈርሽበት?» ካፖርታቸውን አስተካክለው ወንበሩን ተደገፉ። «በይ፣ እኔ ተናግሬያለሁ። የቀረው ባንቺ አፍ ነው።»

ሶልያና ቀና አለች። ግድግዳው ጋ ዊጅዳን ራሷን በቀስታ ትወዘውዛለች፣ እባክሽ እያለች። በሚያዝያ የሚሄደው ባቡር፣ የጡቡ ቤት፣ በእግሯ ልትቆጥራቸው ያሰበቻቸው ሃያ ሁለቱ ደረጃዎች፣ ሁሉም በጓደኛዋ ዓይን ውስጥ አሉ። ማስተካከል አሁንም ትችላለች። «ትንሽ ደክሟቸዋል» ብትል ሁሉም ያምናታል። ስንቴ ብላ ታውቃለች።

«ሚስ» አለች በእንግሊዝኛ። «ያስተረጎምኩት ትክክል አይደለም። አክስቴ ማናጀር አልነበሩም። ጣቢያውን አሥር ዓመት የጠረጉት ናቸው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሁሉ ያወቁት ሲወለውሉ ነው። ማናጀር ሲባል ሰምቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

የሚስ ኮልማን ፈገግታ ቀስ እያለ ከሰመ። ካርቶኑን አየች፣ ዊጅዳንን አየች። «ስለ ጉዞው ነገ እንነጋገራለን» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ወንበሯን ወደ እማማ ጌጤነሽ አስጠጋች። «ከመጀመሪያው ይነግሩን እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ዊጅዳን ከግድግዳው ተነሥታ መጣች። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው፣ ከኪሷ ብዕር አውጥታ ግርጌው ላይ ያለውን መስመር ሰረዘችው። ሶልያናን አላየቻትም፣ ግን ርቃም አልሄደችም።

«ከመጀመሪያው ይንገሩን ይላሉ እማማ» አለች ሶልያና። «አሁን የሚሉትን ሁሉ እላለሁ።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን።»

እማማ ጌጤነሽ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቃኙ። «እንግዲያው አስቀድሞ» አሉ፣ «እዚያ ጥግ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ማዛጋቱን ትቶ አፉን ይዝጋ በይልኝ። እኔ በነጋታው ሥራ እያለብኝ እንኳ እንዲህ አላዛጋሁም።»

ሶልያና ወደ ጥጉ ዞረች። ሰውየው ደረቱ የሰፋ፣ ክራቫት ያሰረ ትልቅ ሰው ነው። ትንፋሿን ሳበች፤ አንዲት ቃል ሳታስቀር ተረጎመችለት።