ሁለቱ አረንጓዴዎች

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ከወደቀ መሰላል አጠገብ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱ ተፈንክቷል። ግድግዳው ላይ ሁለት አረንጓዴ ቀለሞች ጎን ለጎን ተቀብተዋል፤ አንዱ እንደ ለጋ ቅጠል የፈካ፣ ሌላው ጥቁር ሊባል ጥቂት የቀረው።

«ወድቆ ነው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

ባልደረቦቿ «ወንፊቷ» የሚሏት መርማሪ ቀለሞቹ አጠገብ ቆመች። ሁለቱም ከደረቷ አያልፉም።

«ለዚህ መሰላል ምን ያደርግለታል?»

ቤተሰቡንና ቀለም ቀቢውን ኮሪደር ላይ አንድ በአንድ አነጋገረች። ነፍሰ ጡሯ ሚስት ዓይኗ አብጧል። «ከሐኪም ስመለስ ነው ያገኘሁት። ግድግዳው ያኔም እንዲሁ ነበር፤ አንዱ ፈክቶ፣ አንዱ ጠቁሮ። ወንድሙን ጠራሁት፤ ከጋራዥ እየሮጠ መጣ።»

ቀለም ቀቢው ተንተባተበ። «እኔ ትናንት ፈካ ያለውን ብቻ ቀብቼ ሄድኩ። ጥቁሩን ዛሬ ጠዋት ሟቹ ራሱ ሊሞክረው ነበር።»

አብሯቸው የሚኖረው ታናሽ ወንድም እጁን ኪሱ ከቷል። «ከማለዳ ጀምሮ ጋራዥ ነበርኩ። ስጠራም ከክፍሉ ደጃፍ አላለፍኩ፤ ግድግዳውን ማን አየው?»

«ወንድምህ የትኛውን የሚመርጥ ይመስልሃል?»

«ምን የሚመረጥ አለው? ሁለቱም ያው ናቸው!»

መርማሪዋ አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ብሩሹን ከጥቁሩ ቀለም ቆርቆሮ ነክራ ከፈካው አጠገብ አንድ ጊዜ ሳበችው። አዲሱ መስመር ከጎረቤቱ አልተለየም።

«ይህ ቀለም የሚጠቁረው ሲደርቅ ነው። ሚስቱ ስትገባ ደርቆ ነበር፤ እኔም የደረስኩት ደርቆ ነው። ሁለቱን አንድ ሆነው ያየ ሰው፣ ሟች ቀብቶ ብሩሹን ሳያስቀምጥ እዚህ ቆሞ ነበር። መሰላሉንም በኋላ የጣለው እሱ ነው።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ወንድሜ።»

ወንድምየው ግድግዳውን ተደገፈ።

«ልጅ ሊወለድ ነው ብሎ ከዚህ ከክፍሌ ሊነቅለኝ! ጭራሽ ‹የትኛው ይሻላል?› ብሎ እኔኑ ይጠይቀኛል። ደሜ ፈላ... ከጋራዥ ይዤው የገባሁት መዶሻ እጄ ላይ ነበር።»

ሚስትየው ሆዷን ደግፋ ቀና አለች።

«ልጁ የሚተኛው እኛ ጋ ነው። እጮኛህን ስታመጣ ክፍልህ እንዲያምርልህ ነው የለፋው። የጠየቀህ ያንተ ስለሆነ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«መቼ አስጨረስከው?»