ሐምራዊ ልብስ የለበሰው ባትሪ

ባትሪው ከኬዩ መዳፍ ተንከባሎ ደብተሩ ላይ ሲያርፍ፣ ዪንሹ ቀድማ ያየችው ሐምራዊ ቀለሙን አልነበረም። ጫፉን ነው ያየችው። የፕላስቲኩ ልብስ ከታች በኩል የታጠፈበት ጠርዝ ቀጥ ማለት ሲገባው ወደ ግራ ዘመም ብሏል።

እንደዚያ አድርጎ የሚያጥፍ ሰው አንድ ብቻ ነው የምታውቀው። ራሷን።

«እዩት በናታችሁ!» አለ ኬዩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የክፍሉን በር በአንድ ዓይኑ እየጠበቀ። በሌላ እጁ መዳፍ የምታክል የብረት ሳጥን ይዟል፤ መስኮት ያላት፣ ቁልፍ ያላት፣ አፍ ያላት። «የወንድሜ የቦወን ቬፕ ነው፣ በባትሪ የሚሠራው ሲጋራው። ዛሬ ረስቶት ሲወጣ አነሳሁት። ሰላሳ አምፒር ነው ባትሪው! እዚህ ጋ ተጽፏል። ወንድሜ ሰማንያ ዋት ላይ ነው የሚጠቀመው። አንዴ ሲተነፍስ ፎቁ በሙሉ ጉም ይለብሳል።»

«ለካ ለዚህ ነው እናንተ ፎቅ ላይ ካልሲ የማይደርቀው» አለች ከኋላ የተቀመጠችው ሊያን። ዙሪያውን የከበቡት ልጆች ሳቁ።

ዪንሹ አልሳቀችም። ባትሪውን አነሳችና በጣቶቿ አገላበጠችው። ለብ ብሏል።

«ይሞቃል?» አለች።

«ይሞቃል እንጂ! ቦወን ሞተሩን ሲነዳ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው የሚያደርገው። ለክረምት ጃኬት መግዛት ቀረልኝ ይላል።»

«ከየት ገዛው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ካንቺ አጎት ነዋ!» ኬዩ በኩራት ትከሻዋን መታ አደረጋት። «ገበያው በሐሰተኛ ዕቃ ተሞልቷል፣ የምታውቀው ሰው ጋ ነው የሚገዛው ብሎ፣ ሌላውን ሱቅ ሁሉ አልፎ። አጎትሽ ደግሞ ጎረቤት ነው ብሎ ከጠረጴዛ ሥር አውጥቶ ሰጠው። ምን ሆንሽ? ፊትሽ ሩዝ መሰለ እኮ።»

ደወሉ ተደወለ። ኬዩ ሳጥኗን ከነባትሪው ቦርሳው ውስጥ ወረወራት፤ ልጆቹም ተበተኑ።

ክፍለ ጊዜው የፊዚክስ ነበር። መምህር ፋን ለመጨረሻው ፈተና የሚያስፈልጋቸውን ቀመር ለስንተኛ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ ኃይል ማለት ቮልቴጅ ሲባዛ በፍሰት። «ይሄን ያልያዘ ሰው ፈተናው በር ላይ ባያስቸግረኝ ጥሩ ነው» አሉ። ዪንሹ ሰሌዳውን እያየች ሰማንያውን ለባትሪው ቮልቴጅ አካፈለችው። ከሃያ አምፒር አለፈ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጇን ታወጣ ነበር። አሁን ግን እጇን ጠረጴዛው ሥር አድርጋ በጣቶቿ ያንን ዘመም ያለ ጠርዝ አሁንም የምትዳስስ ይመስላት ነበር። በዚያ ልብስ ውስጥ ያለው ባትሪ ከአምስት አምፒር በላይ እንደማይችል ታውቃለች። ማንም ሳይነግራት፣ ራቁቱን እያለ አይታዋለች።

እናቷ ትሠራበት የነበረው የአሻንጉሊት ፋብሪካ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ከሄደ ወዲህ፣ ቤታቸው ውስጥ ከሩዝ ማብሰያው ቀጥሎ የማይጠፋው ድምፅ የፀጉር ማድረቂያ ነው። አጎቷ ሼንግ ከአሮጌ ላፕቶፖች የተፈለፈሉ ባትሪዎችን በጆንያ ያመጣል። ልብሳቸው የተቀደደ፣ የተቧጠጠ፣ አንዳንዱም ጨርሶ ራቁቱን የቀረ። እናትና ልጅ አሮጌውን ልብስ ይገፉና ባትሪውን ይወለውሉታል፤ ጫፉ ላይ ክብ ወረቀት ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ አዲሱን ልብስ ያጠልቁለትና በሞቃት አየር ሲነፉት ልብሱ ይኮማተርና ጥብቅ ብሎ ገላውን ይይዛል። በመንደሩ ይህ ሥራ «ማልበስ» ነው የሚባለው።

«ልብሱ የተቀደደ ባትሪ ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ ቢገባ እሳት ነው» ትላለች እናቷ። «እኛ የምናለብሰው እሳቱን ነው።» ይህ ደግሞ እውነት ነበር። ዪንሹ ስታለብስ የእያንዳንዱን ባትሪ ቀጣይ ኑሮ በሐሳቧ ትከተል ነበር። ይሄኛው ተራራ ላይ የጠፋ ሰው የእጅ ባትሪ ውስጥ ይገባል። ይሄኛው አንዲት አሮጊት አልጋ አጠገብ ትንሽ ማራገቢያ ያሽከረክራል። ቁጥሩን አንብባው አታውቅም ማለት አይቻልም፤ አንብባዋለች። ግን ልብስ ላይ የተጻፈን ነገር ማን ከልቡ ያነባል? ቲሸርቷ ላይስ «ሻምፒዮን» ተብሎ ተጽፎ የለ?

ጠርዙ የሚዘምመው በግራ እጇ ስለምትሠራ ነው። አንደኛ ክፍል ሳለች መምህርቷ በማስመሪያ ጣቷን እየመቱ ወደ ቀኝ አዙረዋታል፤ አሁን የምትጽፈው፣ የምትበላውም በቀኟ ነው። እናቷ ፊቷን ስታዞር ግን ሥራው ወደ ግራዋ ይሸሻል። «ይታወቅብሻል፣ ሰው ያየዋል» እያለች እናቷ የዘመሙትን ከጆንያው ሥር ትከታቸዋለች።

ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጎቷ ሼንግ አዲስ ጆንያ ተሸክሞ ደረጃውን ወጥቶ፣ ላቡን በካኒቴራው እየጠረገ ነበር።

«የኔ ምሁር መጣች! ፈተናው መቼ ነው? ኢንጂነር ሆነሽ አጎትሽን ከጆንያ አውጪው እንጂ።»

«አጎቴ፣ ለቦወን የሸጥክለት ባትሪ ከየት የመጣው ነው?»

«ለየትኛው ቦወን?»

«ለኬዩ ወንድም። ምግብ የሚያደርሰው።»

«እ... ሐምራዊው ነዋ። መልኩ የሚያምር መርጬ ነው የሰጠሁት። ዋጋም ቀንሼለታለሁ፣ ጎረቤት አይደል።»

«ከላፕቶፕ የወጣው?»

አጎቷ ወደ እናቷ አየ። እናቷ ማድረቂያውን አጠፋችው።

«ሁሉም ከላፕቶፕ ነው የወጣው» አለ። «አዲስ ጥያቄ አደረግሽው ልበል?»

«ሰላሳ አምፒር ይላል እኮ።»

«ልብሱ ነው የሚለው። እኔ መቼ አልኩ?» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ስሚ፣ አምስት ብዬ ባለብሰው ማን ዞር ብሎ ያየኛል? ገበያው በሙሉ ሰላሳ ነው የለበሰው። እኔ ብቻዬን ራቁቴን ልቁም?»

«ሰማንያ ዋት ላይ ነው የሚጠቀምበት። ደረት ኪሱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።»

አጎቷ ጆንያውን የሚፈታበት እጁ ቆመ። «ሰማንያ?» አለ ቀስ ብሎ። «ሰማንያ አላለኝም። አስር ምናምን ላይ ቢያደርገው ኖሮ እኮ ምንም...»

«ነግረኸዋል?»

አጎቷ የፈታውን የጆንያ ገመድ መልሶ አጠበቀው። ከታች፣ ሁለት ሞተሮች ተፋጠው በጠባቡ መንገድ ለማለፍ ሲጨቃጨቁ ይሰማል።

«ለእሱ ብትነግሪው ለጓደኞቹ ይናገራል» አለ በመጨረሻ። «ጓደኞቹ ለገበያው። ነገ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሱቄ ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ። እናትሽንም ማን እንደሚያሠራት አስቢበት። እኔ ክፉ ሰው ነኝ? አንቺ ንገሪኝ እስቲ፣ እኔ ክፉ ሰው ነኝ?»

ክፉ ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤት ያስገባት፣ ከቢሮ ቢሮ ደጅ የጠናላት እሱ ነው።

እናቷ ተነሥታ የሩዙን ድስት አነሳች፤ ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው ተናገረች። «ዪንሹ፣ ውረጂና ለቦወን ንገሪው። የዚህ ቀለም ባትሪ ከፋብሪካው ተበላሽቶ ነው የመጣው በይው። አይጠቀምበት። በቃ። ከዚያ በላይ ምንም አትበይ።»

ብልህ መፍትሔ ነበር። ማንንም አይጎዳም። ዪንሹ ደረጃውን ስትወርድ እያንዳንዱን ቃል እየደጋገመች ወረደች፣ የፈተና መልስ እንደሚሸመድድ ሰው።

ቦወን ሞተሩን በር ላይ አቁሞ፣ ከምሽቱ ጥድፊያ በፊት በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጦ የሩዝ ኑድል እየበላ ነበር። ኬዩ አጠገቡ ቆሟል። አንድ ጆሮው ቀልቷል፤ ዕቃውን በመውሰዱ የደረሰበትን ለመገመት አያስቸግርም። የወንድሙ ደረት ኪስ ሳጥኗን ይዞ አበጥ ብሏል።

«እህት ዓለም! ነይ፣ አንድ ጉርሻ ብትበይ ምን አለበት?» አለ ቦወን በቾፕስቲኩ እየጠራት። ዝናብ በዘነበ ቁጥር እሷንና ኬዩን በአንድ የዝናብ ልብስ ጠቅልሎ ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው እሱ ነው።

«ጋሼ ቦወን፣ ያ ሐምራዊ ባትሪ... የዚያ ቀለም ከፋብሪካው ተበላሽቶ ነው የመጣው አሉ። አትጠቀምበት።»

«አትይኝም!» ደረቱን ዳሰሰ። «ለዛ ነው የሚያቃጥለኝ። እኔ ደግሞ ልቤ ነው ብዬ!» ሳቀ። «አመሰግናለሁ እህቴ። ሰው እንዲህ ነው እንጂ። አየህ ኬዩ? ሌላ ሱቅ ቢሆን ማን ቤቴ ድረስ መጥቶ ይነግረኛል? በቃ ነገ አጎትሽ ጋ ሄጄ በአረንጓዴው እቀይረዋለሁ። እንዲያውም ትርፍ አንድ እገዛለሁ። እነ ዳፔንግም ካንቺ አጎት ነው የገዙት፤ ሁሉም ይቀይሩ።»

«እነማን?»

«የሥራ ጓደኞቼ ናቸዋ። እኔ ነኝ የላክኋቸው። ሐቀኛ ነጋዴ ሲገኝ ለብቻ መያዝ ነውር ነው።»

ዪንሹ አረንጓዴዎቹን በሐሳቧ አየቻቸው፤ ቤት፣ ከአልጋው ሥር፣ ባለፈው ሳምንት ያለበሰቻቸው። ከዚያው ጆንያ የወጡ ናቸው። የእናቷ ብልህ ቃል ከአፏ ወጥቶ መንገዱን አቋርጦ፣ በሰው ኪስ ውስጥ ሌሎች ባትሪዎችን እየጨመረ ሲሄድ ታያት።

«ጋሼ፣ አውጣውና ስጠኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ባትሪውን።»

ነገረ ሥራዋ ግር ቢለውም ሳጥኗን ከፍቶ አውጥቶ ሰጣት። ከቦወን ደረት የወሰደው ሙቀት ይሁን የራሱ፣ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነበር። ዪንሹ መንገዱ ዳር ቁጢጥ አለች። ከሱሪዋ ኪስ ትርፍ ፕላስቲክ የምትቆርጥበትን ትንሽ ምላጭ አወጣች። መጀመሪያ በቀኟ ያዘችው። ከዚያ ወደ ግራዋ አዛወረችው።

«ኧረ! አንቺ ግራኝ ነሽ እንዴ?» አለ ኬዩ። «ስንት ዓመት አብረን ተቀምጠን!»

ከላይ በኩል፣ ክብ ወረቀቱ አጠገብ አይነካም፤ እሳቱ ያለው እዚያ ነው። ከታች ጀምራ፣ ምላጩን ከልብሱ በታች አሳልፋ፣ ቆዳ እንደሚገፍ ሰው ወደ ላይ ሳበችው። ሐምራዊው ልብስ ተሰንጥቆ ወለቀ። ግራጫው ብረት ወጣ። አንድ ጎኑ ዝጓል፤ ከታች በኩል ሁለት ትናንሽ የተቃጠሉ ነጠብጣቦች አሉ።

«ይሄ የብየዳ ጠባሳ ነው» አለች። «ላፕቶፕ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተበይዶ ነበር። አሮጌ ነው። ሰላሳ አይደለም፤ አምስትም ከቻለ ነው። አንተ ከሃያ በላይ ነው የምትጠይቀው። አረንጓዴውም ያው ነው። ሁሉም ያው ነው።»

ቦወን ኑድሉን መሬት ላይ አስቀመጠ። ደረቱን፣ ልክ ኪሱ ያለበትን ቦታ፣ በመዳፉ ሸፈነው።

«በምን አወቅሽ?» አለ።

የወለቀውን ልብስ ከመሬት አነሳችና የዘመመውን ጠርዝ አሳየችው። «እኔ ነኝ ያለበስኩት።»

ቦወን ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ሲናገር ድምፁ ቀልዱን ሁሉ ጥሎ ነበር። «አጎትሽ ያውቃል?»

ከላይ፣ ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት፣ የፀጉር ማድረቂያው ድምፅ ቆሟል። ቀና ስትል እናቷ አንገቷን አውጥታ ታያታለች፤ ግራ እጇን፣ ምላጩን፣ የወለቀውን ልብስ። ከኋላዋ የአጎቷ ትከሻ ይታያል።

«ዪንሹ» አለች እናቷ። ቁጣ አልነበረውም። «ሩዙ ደርሷል፣ ነይ ግቢ።»

«መጣሁ እማ።»

ግን አልተነሳችም። ወደ ቦወን ዞረች።

«ያውቃል» አለች። «ለነዳፔንግ ደውልላቸው። አሁን፣ መንገድ ላይ እያሉ። ከኪሳቸው አውጥተው ይዘውት ይምጡ። እያንዳንዱን እኔ እገፈዋለሁ።»

ቦወን ተነሥቶ ስልኩን አወጣ። እየደወለ ሳለ ኬዩ የወንድሙን በርጩማ በእግሩ ገፍቶ አስጠጋላት። ጥቂት ቆይቶ ከቦወን ጓደኞች የመጀመሪያው በቢጫ ሞተር በጠባቡ መንገድ ታጥፎ ሲገባ፣ ዪንሹ በርጩማውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገችለት፣ የሚያቆምበት ቦታ እንዲያገኝ።