በቀይ ሻርፕ የተፈተኑ ሁለት ካሜራዎች

ካሜራማኑ ከቪዲዮ ቤቱ ሰገነት ወድቆ ግቢው ውስጥ ሞቶ ሲገኝ፣ ባለ ሦስት ቺፕ ካሜራው እላይ መቆሚያዋ ላይ እንደተተከለች ነበረች።

ባልደረቦቿ «እመት ጥያቄ» የሚሏት መርማሪ ሰገነቱን በዓይኗ ለቀመችው። መከለያው ደረት ይደርሳል፤ ሰው ተደናቅፎ አያልፈውም። ቤቱ ውስጥ የነበሩት የሟቹ ሚስትና ታናሽ ወንድሙ ብቻ ናቸው። ጎረቤት የባልና ሚስቱን ጭቅጭቅ ስለሰማ፣ ፖሊሶቹ ሚስቲቱን ይዘው ሊሄዱ ቋፍ ላይ ነበሩ።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በካሜራዋ ነዋ! ከእኔ ይልቅ እሷን ነበር የሚያቅፈው። አዎ፣ በዕቃ የምቀና ሞኝ ነኝ። ገዳይ ግን አይደለሁም።»

ወንድምየው ባለ አንድ ቺፕ ካሜራውን ታቅፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«አንድ ድርጅት ሥራ ሊሰጥ ናሙና አምጡ አለን። እኔና ጋሼ ጎን ለጎን ቆመን የእትዬን ቀይ ሻርፕ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ፣ ቀጥሎ ጥላ ውስጥ ቀረጽን። እኔ ቀድሜ ጨርሼ ወረድኩ። እሱ ገና እየቀረጸ ነበር።»

«ካሴትህስ?»

«ይኸው! ከካሜራዬ አውጥቼ ኪሴ ከከተትኩት ወዲህ የሰው እጅ አልነካውም። ይዩትማ! የሱ ይበልጣል ሲሉ የኖሩ ሁሉ ጉዳቸውን ይዩ!»

አየችው። የሻርፑ ጠርዝ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ ጥላ ውስጥ እንኳ ክሩ ይቆጠራል። ከሟቹ ካሜራ በወጣው ካሴት ላይ ግን ቀዩ ከጠርዙ አልፎ ግድግዳው ላይ ፈሷል፤ ጨለማው አሸዋ እንደተበተነበት ይርመሰመሳል። መርማሪዋ ከንፈሯን ነከሰች።

ከሰዓት በኋላ ሚስቲቱንና ወንድምየውን ከፖሊሶቹ ጋር ምስል በሚቀናበርበት ሞንታዥ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሻርፑን ወንበር ላይ ጣለች፤ መጋረጃውን ዘጋች፤ በሁለቱም ካሜራዎች ቀረጸችና ቴሌቪዥኑ ላይ አሳየች።

«ቀዩን ያፈሰሰችው የማን ካሜራ ናት?»

«የሱ» አለች ሚስቲቱ ወደ ወንድምየው እያየች።

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች። «ባለ ሦስቷ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ብርሃን ለየቺፑ ታካፍላለች። ያንተዋ ሁሉንም በአንዱ ትሸከማለች፤ ቀይና ጨለማ ሲመጣባት ይከብዳታል። ስለዚህ ኪስህ ውስጥ የተገኘው የወንድምህ ካሴት ነው። ያንተው ደግሞ የእሱ ካሜራ ውስጥ ገብቷል።»

«ተሳስተን ተለዋውጠን ይሆናላ!»

«መቼ? ስትወርድ ገና እየቀረጸ ነበር አልከኝ። ከኪስህ ባወጣኸው የሱ ካሴት ላይ ግን ፀሐዩም ጥላውም እስከ መጨረሻው አለ። ሲጨርስ አጠገቡ ነበርክ ማለት ነው። የሰው እጅ አልነካውም ያልከውም አንተው ነህ። ገፍተኸው ዝም ብለህ ብትወርድ ኖሮ ምንም ማስረጃ አልነበረኝም። አንተ ግን ሞቶም እንዲበልጥህ አልፈለግክም።»

ወንድምየው ላቡን ጠረገ።

«ሲጨርስ ና እየው አለኝ… እየሳቀ። አየሁት። ከልጅነታችን ጀምሮ እሱ፣ እሱ፣ እሱ! አንዴ እንኳ የኔ ቢባል ምን ነበረበት?»

መርማሪዋ ከወንድምየው ኪስ የወጣውን ካሴት መልሳ ከፈተችው። አንዱ ፖሊስ ክንዱን ይዞ ሲያስነሳው እንኳ ወንድምየው ዓይኑን ከምስሉ አልነቀለም።

«ግን ያምራል፣ አይደል እትዬ?»

ሚስቲቱ ተነስታ ቴሌቪዥኑን ጋረደችበት።

«ያምራል። የባሌ ነው።»