ሥርጉት በቁሟ የተለቀሰላት ቀን

ይኼን ያየሁት በዓይኔ ነው። ሕልም ነው የሚለኝ ሰው ካለ ከዚህ መስመር ይመለስ።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ ልብ ታጠፋ ነበር። ቦታው ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬ መውጫ ያለው አሮጌ የእህል መጋዘን።

ንግሥቴ እባላለሁ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ የምጽፈውም እኔው ነኝ፣ ማንም አልጻፈልኝም።

ሥርጉት የልጄ ልጅ ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ ፍሬሕይወት ዓረብ አገር ሄዳ ቀረች፤ አስከሬኗም አልመጣም። በእኛ አገር እንዲህ ሲሆን የሟች ልብስና ፎቶ ነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚለቀሰው። እኔም ለልጄ ያለቀስኩላት በቀሚሷ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለችኝ ሥርጉት ብቻ ናት። ስታስነጥስ እንኳ ልቤ ድንግጥ ይላል። እሷን ደግሞ ላጣት... ይኼን ማሰብ አልችልም።

ባሕር ዳር ሥዕል ተምራ መጣች። ከጓደኛዋ ከአንዷለም ጋር ሆና ኤግዚቢሽን አዘጋጀች። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጡ ሰዎች ሙዚየም ገብተው የእኛን ዘመን ቢያዩ ምን ያያሉ... ነገሩ ይኼ ነው። ቢጫ ጀሪካን፣ የባጃጅ መስታወት፣ የስልክ ቻርጀር ተደርድሯል። ከእያንዳንዱ ሥር ትንሽ ወረቀት። «በዚያ ዘመን ሰዎች ውኃ ይቀዱበት ነበር።»

እየሳቅሁ አነበብኩ።

መሐል ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ።

ረጅም ጠረጴዛ። ነጭ ጨርቅ። የሥርጉት ሰማያዊ ቀሚስ፣ እጅጌው ግራና ቀኝ ተዘርግቶ። ከግርጌው ጫማዋ። ከራስጌው ፎቶዋ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል... «የፍኖተ ሰላም ወጣት። እንዲህ ትለብስ ነበር።»

«ነበር?» አልኳት።

«እምዬ፣ የሚያነቡት እኮ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።»

«አንሺው።»

«ኮንሴፕት ነው፣ እማማ፤ አይዞዎት» አለ አንዷለም።

«ኮንሴፕትህን በራስህ ሱሪ አታደርገውም? በል አውልቅና ዘርጋ!»

ሰው ሳቀ። ሥርጉትም ሳቀችና ጉንጬን ሳመችኝ። «ዛሬን ብቻ ይታገሱኝ። ሲመሽ አነሳዋለሁ።»

እሺ አልኳት። ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት?

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ባልቴት ገባች። በትር ይዛለች፤ ከገበያ የምትመለስ ትመስላለች። ጀሪካኑን አላየችም። መስታወቱን አላየችም። በቀጥታ ወደ ቀሚሱ ሄደች።

ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቀዘቀች።

ማንበብ እንደማትችል ገባኝ። ቀሚስ፣ ጫማ፣ ፎቶ፣ ነጭ ጨርቅ... ይኼን ያየ የእኛ አገር ሰው ሌላ ምን ይላል?

«እትዬ፣ የሞተ ሰው የለም...» ብዬ ሳልጨርስ ሙሾውን አወረደችው።

«ቀሚስሽም እዚህ፣ ጫማሽም እዚህ ነው፤
የለበስሽው አፈር የወዴት አገር ነው?»

አንዷለም በሳቅ ፍርፍር አለ። ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ።

በእኛ ዘንድ ልቅሶ ሰምቶ የሚያልፍ የለም። ከመንገድ ሁለት ሴቶች ገቡ። ቀጥሎ አምስት። ወንዶቹ አህዮቻቸውን ደጅ አስረው ገቡ።

ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሥርጉት እየሳቀች መሐላቸው ገባች። «እናቶቼ፣ ይኸው አለሁ! ቀሚሱ የእኔ ነው!»

አንዷ ሴት ደረቷን ስትመታ ክርኗ ከሥርጉት ትከሻ ጋር ተጋጨ። ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም።

ባልቴቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሥርጉቴ... ሥርጉቴ...»

ወረቀቱ ላይ ስም አልነበረም።

ያኔ ነው ቀሚሱን ልብ ብዬ ያየሁት። ጠዋት እኔ ፊት ተኩሳዋለች። አሁን ትከሻው ላይ አቧራ ተኝቶበታል። ሰማያዊው ለቋል። የፎቶው ጠርዝ ወይቧል...

ፎቶውን የተነሳችው ሰኞ ዕለት ነው።

እጇን ያዝኩ። ሞቃት ነበር። ይኼን ልብ በሉልኝ፣ ሞቃት ነበር።

«እንውጣ» አልኳት በሹክሹክታ።

«እምዬ... ለምንድን ነው የማያዩኝ?»

«ዝም በይ። እጄን አትልቀቂ።»

«አንዷለም!» ብላ ጮኸች።

አንዷለም መሳቁን ትቷል። ስልኩን አውርዶ ቀሚሱን ያያል። እያለቀሰ ነው።

በሩ ጋ ስንደርስ ሰዉ መንገዱን ዘጋው። ለክፋት አይደለም። እኔን ሊያጽናኑ ተሰልፈው ነው።

ፊት የቆሙትን ሽማግሌ አላውቃቸውም። በስሜ ጠሩኝ። «ወይዘሮ ንግሥቴ፣ እግዜር ያጽናዎት።»

ልጆቼ... እኔ ስንት ልቅሶ ላይ ቆሜያለሁ። በባሌ ቆሜያለሁ፣ በልጄ ቆሜያለሁ። ይኼ ቃል ሲነገር አፍ መልሱን ያውቀዋል፤ ልብን አያማክርም። ጎንበስ አልኩና...

«አሜን» አልኩ።

ሥርጉት እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። «እምዬ... እርስዎ ምን አሉ አሁን?»

ልቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ። ሁሉም ነጠላውን አስተካክሎ ወጣ። ጉዳዩ አለቀ።

ይዣት ቤቴ ገባሁ። አልጠፋችም። ይኸው ስምንት ቀናችን። ትበላለች፣ ትስላለች፣ ታወራኛለች። ከእኔ ሌላ የሚመልስላት ግን የለም። አንዷለም መጥቶ ሥዕሎቿን አቅፎ ሲያለቅስ አጠገቡ ቆማ ስሙን ስትጠራው ዋለች። የነፍስ አባቴን እንዲጸልዩላት ብለምናቸው፣ «አርባዋን የት እናድርገው?» አሉኝ።

በር ዘግቼ እጠብቃታለሁ። ከማን እንደምጠብቃት ግን አላውቅም። ቀኑ ይረዝማል። ሁለታችን ተቀምጠን ቤቱ የአንድ ሰው ቤት ይመስላል።

ዛሬ ረፋድ ላይ ጎረቤቴ አምለሰት እዝን ይዛ መጣች፤ ትልቅ ድፎ ዳቦ።

«ብቻሽን እንዴት አደርሽ?» አለችኝ።

ቤቴ ያሉት ወንበሮች ሁለት ናቸው። በአንዱ እኔ አለሁ። በሌላው ሥርጉት ጠጉሯን እየጎነጎነች ነበር።

«ልጄ፣ ተነሺላት...» ልል አፌን ስከፍት አምለሰት እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሥርጉት አልተነሳችም።

አምለሰት ድፎውን ጭኗ ላይ አደረገች፣ እንዳይወድቅባትም ደግፋ ያዘችው...

በአራት እጅ።