የፍሎረንሱ ትርፍ ቤት

ኅዳር ፭ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓመተ ምሕረት፣ ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ ከባሕረ ሰላጤው የተነሣ ደመና በኦክላንድ ከተማ ላይ ወርዶ የቴሌግራፍን ጎዳና ዝናብ ያጥበው ነበር፤ ወይዘሮ ፀዳለ ግን ለዝናቡ ልብ አልነበራቸውም፤ በገዛ ወንበራቸው ላይ እግሩን አነባብሮ የተቀመጠውን እንግዳ ይመለከቱ ነበር። ታደሰ ይባላል፤ ለድርቁ እርዳታ አሰባስባለሁ ብሎ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሱፉ ያልተጨማደደ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ባለሥልጣን ነበር። የሚጮኸውንስ ባለሥልጣን ሰው ይለምደዋል፤ የሚፈራው ቀስ ብሎ የሚናገረው ነው።

«ይህን የእጅ ጽሕፈት ያውቁታል?» ብሎ አንድ ወየብ ያለ ወረቀት ዘረጋላቸው።

እንዴት አያውቁት! የባለቤታቸው የፊታውራሪ ዓባይነህ እጅ ነው። ፊታውራሪ በ፲፱፻፳፱ ዓ.ም. ጠላት በግዞት ወደ ኢጣልያ ካጋዛቸው ወጣቶች አንዱ ነበሩ፤ ከነጻነት በኋላ በንግድ ጉዳይ መልእክተኛ ሆነው ወደዚያው አገር ሲመለሱ፣ ከፍሎረንስ እምብርት፣ ከአርኖ ወንዝ አጠገብ፣ ደረጃው እብነ በረድ፣ ጣራው በወርቅ ቀለም የተሳለ የአንድ ጥንታዊ መስፍን ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ገዝተው በሚስታቸው ስም አጻፉት፤ «ያጋዙኝ ሰዎች ደግሞ ኪራይ ይክፈሉኝ» እያሉም ይስቁ ነበር። በ፲፱፻፷፯ የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ፣ ባለጸጋው ሁሉ ቤቱን በአክስቱ ልጅ ስም ለመሸሸግ ሲሯሯጥ፣ ለጸሐፊ መዋሸት ነውር የሚመስላቸው ፊታውራሪ ከቀበሌ ሄደው በቅጹ ላይ «አንድ ቤት፤ ፍሎረንስ፤ ኢጣልያ» ብለው ሞሉ። ጸሐፊውም «ቀበሌው ስንት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው ይባላል። በዓመቱ ፊታውራሪ አረፉ፤ ወረቀቱ ግን አላረፈም።

«ቤቱ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሕዝብ ሆኗል» አለ ታደሰ። «እርስዎ ግን በጋዜጣ ‹ለሽያጭ የቀረበ የቅንጦት መኖሪያ› አስብለው ለሚላኖ ሐኪም ሊሸጡት ነው፤ ዓርብም በሳን ፍራንሲስኮ በኢጣልያ ቆንስላ ፊት ሊፈርሙ ነው። ወገን በረሃብ እያለቀ፣ ወይዘሮ ፀዳለ!»

ይህ ቃል ወጋቸው፤ በቴሌቪዥን ያዩትን ያውቃሉና። በሆቴል አንሶላ አጥፈው ያገኙትን ደመወዝ ለድርቁ የሰጡት ባለፈው ሳምንት ነበር፤ ግን ይህን ለዚህ ሰው መናገር አፈሩ።

ታደሰ ሌላ ወረቀት አወጣ። «ቤቱን እንዳስረክብ ውክልና ይስጡኝ። አምሐ ለገና ከእርስዎ ጋር ይበላል።»

አምሐ አንድ ልጃቸው ነው፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ተይዞ ወህኒ ከወረደ ሰባት ዓመቱ። በ፲፱፻፸፪ እሳቸውንም ሊይዙ ሲመጡ፣ ታናሽ እህታቸው እጅጋየሁ «አንቺ አምልጪ፤ ስንቁን እኔ አመላልሳለሁ» ብላ ገፍታ አስወጣቻቸው። ልጅን ትቶ መውጣት የሚሉት ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረታቸው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ልጄ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፤ እንዲያውም ወፍሯል። ዓርብ በአራት ሰዓት በሆቴሌ እጠብቅዎታለሁ» ብሎ ተነሣ።

ከታች ቤት የሚኖረው የወሎው ተወላጅ ሳሊሕ፣ ታክሲ ነጂ ቢሆንም ወረቀት የሚያነብላቸው እርሱ ነበር። ውክልናውን ሁለት ጊዜ አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ እስቲ ስሎው እንበል። አንዴ ሳይን ካደረጉ ቤቱን ይርሱት። ጥሩ፣ ቤት ነው፣ ይሂድ። ግን ጋራንቲው የታለ? ልጁን ባይለቁትስ? ለእህትዎ ኮል ያድርጉ።»

«ስልኩ ይጠለፋል ልጄ።»

«ይጠለፋ! ስለ ስንቅ ማውራት ክራይም ነው እንዴ?»

ሐሙስ ጧት፣ በአዲስ አበባ ምሽት ሲሆን፣ ከብዙ መጠበቅ በኋላ የስልኩ መስመር ተገናኘ። ከሰላምታ በኋላ ወይዘሮ ፀዳለ እንደ ዋዛ አድርገው «ስንቁ ይገባል?» አሉ።

«ይገባል፤ ይቀበሉኛል።»

«ሳህኑስ እንዴት ይመለሳል?»

እጅጋየሁ ድምፅዋን አለስልሳ «ጥርግ ብሎ ነው የሚመጣው እቴ። ባለፈው እሑድ ዶሮ ሠርቼ ከነእንቁላሉ ላክሁለት። እንቁላሉንም አላስተረፈ» አለች።

ወይዘሮ ፀዳለ ግድግዳውን ያዙ። አምሐ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንቁላል አይስማማውም፤ ከቀመሰ ጉሮሮው አብጦ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በአራት ዓመቱ ሊሞት ሲል አቅፋው ወደ ሐኪም ቤት የሮጠችው ይህችው እጅጋየሁ ነበረች። በስሕተት አልላከችም። ጠርጥራ፣ ቆርጣ፣ ፈትና ነው የላከችው፤ ሳህኑን የጠረገው የሌላ ሰው አፍ መሆኑን በሽቦ ላይ መናገር የሚቻላት በዚህ ብቻ ነበር። አምሐ የለም።

መጮኽ ነበረባቸው፤ እናት ናቸውና። ግን አንዲት ጩኸት ሰሚ ጆሮ ብታገኝ፣ ሌሊቱን የእጅጋየሁ በር ይንኳኳል። ከንፈራቸውን ነክሰው «እግዚአብሔር ይመስገን። በርቺ፤ ስንቁን አታቋርጪ» አሉ።

«አላቋርጥም» አለች እጅጋየሁ፤ መስመሩም ተዘጋ።

ዓርብ ሳሊሕ ድልድዩን አሻግሮ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ወሰዳቸው። ምንም አልነገሩትም። ታደሰ በሆቴሉ ማረፊያ ብዕሩን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር፤ ሳሊሕም ከኋላቸው ቆመ። ወይዘሮ ፀዳለ ሌሊቱን ሲያወጡ ሲያወርዱ አድረዋል፤ ቢፈርሙ ቤቱን ለልጃቸው ገዳዮች መስጠት ነው፤ «ልጄ ሞቷል» ቢሉ «ማን ነገረዎት?» ይባላሉ፤ «ማስረጃ ያምጡ» ቢሉም መጠርጠራቸው ይታወቃል፤ ከዚያ ስንቅ አመላላሿን ማሰር ነው። አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ እርሱም ከሞት የከፋ ነበር።

«አልፈርምም» አሉ።

«የልጅዎ ነገርስ?»

«ቤቱ የእኔ ነው። ጥሩ ዋጋ አግኝቼበታለሁ፤ እሸጠዋለሁ። በድህነት መኖር ሰለቸኝ።»

ታደሰ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ለአንድ ጣራ ብለው? እርስዎ እናት ነዎት?»

ወይዘሮ ፀዳለ ዓይናቸውን አልሰበሩም። «ልጁ ወጣት ነው፤ ይችለዋል። እኔ አርጅቻለሁ» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ሲያወጡ ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር።

ታደሰ ወረቀቱን ሰብስቦ፣ እንደ ቆሻሻ አይቷቸው ሄደ።

ሳሊሕ በመኪናው ውስጥ «እትዬ፣ ሶሪ፣ ግን ይሄንን አልጠበቅሁም» አለ።

«አቁምልኝ» አሉት። መኪናው ጥግ ይዞ ሲቆም ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ፤ ሳሊሕም ያን ጊዜ ገባው፤ መሪውን እንደያዘ አብሮ አለቀሰ። ከዚያ ፊታቸውን አብሰው ቆንስላው ፊት ቀርበው ፈረሙ፤ የተናገሩትን በሥራ ካላጸኑት ሰውየው ይነቃ ነበርና። በሽያጩም ገንዘብ እጅጋየሁ በስድስተኛው ወር በጂቡቲ በኩል ወጣች።

መንግሥት ተለውጦ መዛግብት በተከፈቱ ጊዜ የአምሐ ፋይል ተገኘ፤ በሐምሌ ፲፱፻፸፮ መገደሉ በአንድ መስመር ተጽፏል። ታደሰ ተልኮ ይሁን ለኪሱ፣ መዝገቡ አይናገርም፤ የእርሱ ቃል ግን በሚቀጥለው ገጽ ላይ በጽሕፈት መኪና ተጽፎ ይገኛል፦ «እናትየው ንብረት ወዳድ ናት፤ ልጇን በቤት ለውጣለች።» ይህን ያነበቡ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል፤ ማኅተም አለበትና ይታመናል። እጅጋየሁ ግን ከዚያች እሑድ ጀምሮ እስክትሰደድ ድረስ፣ ለማን እንደምታበላ እያወቀች፣ በየሳምንቱ ስንቅ ተሸክማ መመላለሷ በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም።