የቀዳዳው ዋጋ

አቶ ዘገየ እንደሚሉት የኪራይ ክፍሉ የጭስ ማውጫ ቀዳዳ የተደፈነው በጥቅምት ነው፤ ተከራያቸው ዘሩባቤል ክፍሉን በለቀቀ በሳምንቱ። ግንበኛው ጃርሶ በሲሚንቶ ደፈነው፤ የሥራው ዋጋም ዘሩባቤል ሲገባ ካስያዘው ገንዘብ ላይ ተቆረጠ። በኅዳር የገባችው ዶርቃስ ደግሞ በዚህ በታኅሣሥ ብርድ በርና መስኮት ዘግታ፣ የከሰል ምድጃ አጠገቧ አድርጋ ተኛች፤ አልነቃችም። የልጅ ነገር ነው። ያሳዝናል፤ የሰው እጅ ግን የለበትም።

ዘሩባቤል እንደሚለው ቀዳዳው እስከ ዓርብ አመሻሽ ድረስ ክፍት ነበር፤ በዓይኑ አይቶታል። ገንዘቡ የተቆረጠበት ላልተሠራ ሥራ ነው። ከዚያ አመሻሽ በኋላ አንድ ሰው ደፈነው። ያ ሰው ማንም ይሁን ማን ዶርቃስን ገድሏታል።

ኢንስፔክተር ጂቱ ሰኞ ረፋድ ላይ አምቦ ዳር ወዳለው ግቢ ስትደርስ፣ ከሁለቱ ውሸታሙ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የተፈረደ ይመስል ነበር። ዘሩባቤል እጁ በካቴና ታስሮ ፖሊስ ፒካፕ ላይ ተቀምጧል። አቶ ዘገየ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ለቀስተኛ ይቀበላሉ። ጂቱን ሲያዩ ከጋቢው ሥር የእጅ አንጓቸውን ብቻ አውጥተው ሰጧት። እጁ ምግብ የነካ ወይም የረጠበ ሰው እንደሚያደርገው ነው፤ እሷም አንጓቸውን ጨብጣ አለፈች።

ዶርቃስ ከሸነን የመጣች የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች፤ ማታ ማታ ራሷም ትማር ነበር። ዛሬ ጠዋት ሥራ ሳትገባ ስትቀር ባልደረቦቿ መጥተው አንኳኩ፤ መልስ ሲያጡ ፖሊስ ጠሩ፤ በሩም ተሰበረ። አስከሬኗ አሁን ወደ ሆስፒታል ሄዷል። ክፍሉ ውስጥ የቀረው ያልተነጠፈ አልጋ፣ ነጭ አመድ የሞላ ምድጃ፣ ሕፃናት በቀለም የሞነጫጨሯቸው ወረቀቶችና በጓሮው ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር የተሰቀለ አንድ ዳንቴል ነው። ጂቱ ወንበር ላይ ወጣችና ዳንቴሉን ገለጥ አደረገችው። ከኋላው የትንኝ ወንፊት፣ ከወንፊቱ ኋላ ደግሞ ግራጫ ሲሚንቶ አለ። ዳንቴሉን ከግድግዳው ልታነሳው ሳበችው። አልመጣም። እንደገና ሳበችው። ከዚያ ወረደች።

በሩንም አየችው። የውስጡ መቀርቀሪያ በፖሊሶቹ ተገንጥሏል። ጓጉንቸሩ ከነቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ዘሩባቤል የኬሚስትሪ መምህር ነው። ቀዳዳውን ያበጀው አምና ሚስቱ ሩት እዚያው ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ አፍኗት በድንጋጤ ተሸክሞ ካወጣት በኋላ ነበር። ለአቶ ዘገየ ያንኑ ቀን ነገራቸው፤ እሳቸውም «እግዜር አተረፋት፤ አበጀህ» ብለውት ነበር። ሲለቅ ግን ይኸው ቀዳዳ «ግድግዳ ማፍረስ» ተባለ። ለቀለም፣ ለቧንቧ፣ ለግድግዳ እየተባለ ካስያዘው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልተረፈም። ለሽማግሌ አቤት አለ። ሽማግሌዎቹም ቅዳሜ ጠዋት መጥተን እናያለን አሉ።

«ዓርብ ማታ ለምን መጣህ?» አለችው ጂቱ።

«ክፍት መሆኑን ላረጋግጥ ነዋ። በአጥሩ በኩል አየሁት፤ ክፍት ነበር። ቅዳሜ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስመጣ ተደፍኗል። ጮህኩ። እብድ መሰልኳቸው። ጃርሶም በጥቅምት ደፍኜዋለሁ ብሎ መሰከረ፣ ተፈረደብኝ።» ካቴናውን ቁልቁል አየ። «እዚያ ቆሜ ስለ ቀለምና ስለ ቧንቧ ስከራከር፣ እሷ ከግድግዳው ማዶ ነበረች።»

የአቶ ዘገየ ሚስት ወይዘሮ ባየሽ በበኩላቸው ነገሩ ግልጽ ነው አሉ። ዘሩባቤል ዓርብ ሲመሽ በጓሮ ሲያንዣብብ አይተውታል። ቂመኛ ነው፤ ቀዳዳውን የደፈነው እሱ ነው።

«ባለቤትዎ በጥቅምት ተደፍኗል አሉኝ» አለች ጂቱ። «የተደፈነን ነገር ዘሩባቤል ዓርብ እንዴት ይደፍነዋል?»

ወይዘሮ ባየሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔ ያየሁትን ነው የነገርኩሽ፣ ልጄ። የወንዶቹን ነገር እነሱን ጠይቂ።»

ጃርሶን ጓሮ ወስዳ ግድግዳው ፊት አቆመችው።

«ጎበዝ ግንበኛ ነው ሲሉህ እሰማለሁ። ይህ ያንተ ሥራ ነው?»

«አዎ» አለ፣ ግድግዳውን ሳያይ።

«እየው እንጂ።»

አየው። ልስኑ ጎብጧል፤ ጠርዙ ተልጧል፤ የጣት ፋናው እንደ ዶሮ ጭረት ይታያል። ጃርሶ የሰው ነውር ያየ ያህል ፊቱን አዞረ።

«እንግዲህ የጃርሶ ሥራ ነው ብዬ ፎቶውን ከመዝገቡ ጋር አያይዛለሁ። ችሎት ላይ ሁሉም ያየዋል።»

«ኧረ ኢንስፔክተር» አለ ኮፍያውን አውልቆ። «በጣት ነው እኮ የጠቀጠቁት። እኔ ሰክሬ እንኳ እንዲህ አልሠራም። ጥቅምትን ሙሉ ሐሮ ወንጪ የእንግዳ ማረፊያ ስንሠራ ነው የከረምኩት።»

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

«እትዬ ባየሽ ቅዳሜ በማለዳ መጥተው፣ ሽማግሌ ከጠየቀህ በጥቅምት ደፍኜዋለሁ በል አሉኝ። የቤት ኪራይ ጭቅጭቅ ነው፤ ምን አለበት ብዬ ነው። ሰው መሞቱን ዛሬ ነው የሰማሁት።»

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ኦቦ ገለታ የአቶ ዘገየ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ናቸው። ጂቱ በኦሮምኛ ሰላም ብላቸው ወንበር ሳበችላቸው። ዓርብ ማታ የእድር ስብሰባ ነበር አሉ፤ ዘገየም ዘግይቶ መጣ።

«ሲገቡ ጨበጧችሁ?»

ኦቦ ገለታ ጥያቄው አስገረማቸው። «አንጓውን ነው የሰጠን። እራቱን አቋርጦ የመጣ መስሎን ሳቅንበት።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜም…» ሽማግሌው ወደ ወዳጃቸው ደጃፍ ዘወር አሉ። «ቅዳሜም አንጓውን ነው የሰጠን።»

«ክፍሉን አንኳኩታችኋል?»

«አንኳኳን። መልስ የለም። ዘገየ ሸነን ቤተሰቦቿ ጋ ሄዳለች አለን። ከደጅ ተደፍኖ አየን፤ ይበቃል ብለን ፈረድን።»

«በሩ ላይ ጓጉንቸር ነበረ?»

ኦቦ ገለታ ከዘራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ፣ መለሱትም። በዚህ መካከል ሆስፒታሉ ስልክ ደወለ። ጂቱ ሐኪሙ ያለውን ሰምታ ስታበቃ ሁሉም ጓሮ እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

በግድግዳው ፊት ቆሙ። አቶ ዘገየ ከነጋቢያቸው፣ ወይዘሮ ባየሽ፣ ጃርሶ፣ ኦቦ ገለታ፣ ዘሩባቤልም ከነካቴናው።

«መጀመሪያ መቼ የሚለውን እንመልስ» አለች ጂቱ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ አብረዋት የሚሠሩት ፖሊሶች እንዲህ ስትናገር መናደዷን ያውቃሉ። «ዶርቃስ ቀዳዳው አቧራ እንዳያስገባባት ዳንቴል ሰቅላበታለች። ገብታችሁ ሳቡት፤ አይመጣም። ሲሚንቶው ከደጅ ሲጠቀጠቅ በወንፊቱ ሾልኮ ዳንቴሉን ነክሶታል። ዶርቃስ እዚህ የገባችው በኅዳር ነው። በጥቅምት የተደፈነ ግድግዳ በኅዳር የተሰቀለ ዳንቴል አይነክስም። ስለዚህ እሷ ስትገባ ክፍት ነበር፤ እየኖረችበት ሳለ ነው የተደፈነው። ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ደግሞ ተደፍኖ አይተውታል።»

ጃርሶ ወደ መሬት አየ።

«ቀጥሎ ማን? ዘሩባቤል ገንዘቡን የሚያገኘው ሽማግሌዎቹ ቀዳዳውን ክፍት ካዩት ብቻ ነበር። ይህ ቀዳዳ ክፍት ሆኖ እንዲያድር ከማንም በላይ የሚፈልገው እሱ ነው። ደፍኖ ራሱን ይረታል? ጃርሶ በጥቅምት ሐሮ ወንጪ ነበር፤ ይህም የእሱ እጅ ሥራ አይደለም። ተደፍኖ እንዲያድር የሚፈልገው ላልሠራው ሥራ ገንዘብ ቆርጦ የበላ ሰው ነው። እትዬ ባየሽ፣ እጅዎን።»

ወይዘሮ ባየሽ መዳፋቸውን ዘረጉ። ለስላሳ ነው፤ ምንም የለበትም።

«አቶ ዘገየ፣ ከጠዋት ጀምሮ በወጉ አልተጨባበጥንም» አለችና እጇን ዘረጋች።

አቶ ዘገየ አልተንቀሳቀሱም። ኦቦ ገለታ ናቸው ቀረብ ብለው የወዳጃቸውን ጋቢ የገለጡት። ጣቶቹ ተላልጠዋል፤ ጫፋቸው ቆስሏል፤ ቅቤ ተቀብቷል። ሲሚንቶ ያልለመደ እጅን እንደዚህ ይበላል።

«ዓርብ ዘሩባቤል ከአጥሩ ሥር እንደሄደ፣ ዶርቃስ ከማታ ትምህርቷ ሳትመለስ ነው የደፈኑት» አለች ጂቱ። «ከዚያ እጅዎን ታጥበው እድር ሄዱ። ለዶርቃስ አልነገሯትም። ቢነግሯት ሽማግሌ ሲጠይቃት፣ ትላንት ክፍት ነበር ትላለች። እሷም ጨልሞ ገባች። ዳንቴሉ ሲሚንቶውን ሸፍኖባታል። ቀዳዳዬ አለ ብላ እንደ ልማዷ ከሰሏን አቀጣጠለች።»

«ለአንድ ጠዋት ብቻ ነበር» አሉ አቶ ዘገየ። «ሽማግሌ አይቶ እስኪሄድ። ልከፍተው ነበር። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

«የሩትን ነገር ያውቁ ነበር። ይሁን፤ ዓርብ አላሰቡም እንበል። ቅዳሜ ግን አስበዋል። ሸነን የሄደች ሰው በሯን በጓጉንቸር ቆልፋ ትሄዳለች። በሩ ላይ ጓጉንቸር አልነበረም፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ስትጠራ የማትመልሰው ለምን እንደሆነ ከቆማችሁት ሁሉ እርስዎ ብቻ ያውቁ ነበር። ሸነን ናት ብለው ሰው መለሱ።» ወደ ተደፈነው ቀዳዳ ዞረች። «ሐኪሙ አሁን እንደነገረኝ ዶርቃስ የሞተችው ዓርብ ሌሊት አይደለም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገና ትተነፍስ የነበረ ይመስላል። በሩ ቢሰበር ትተርፍ ነበር ወይ ስለው፣ ምናልባት አለኝ።»

የኦቦ ገለታ ከዘራ ከእጃቸው ወደቀ፤ አላነሱትም።

አንድ ፖሊስ የዘሩባቤልን ካቴና ፈታ። አቶ ዘገየ ያን ሲያዩ ወደሱ ዞሩ። የቆረጡበትን በሙሉ፣ በላዩም ጨምረው እንደሚመልሱለት፣ የእሱ ነገር እዚሁ በሽምግልና ቢዘጋ ለሁሉም እንደሚሻል እያለቃቀሱ ተናገሩ። ከዚያ ወዳጃቸውን አዩ። «ገለታ፣ አንተ ተናገር እንጂ። እርቅ ያንተ ሥራ ነው።»

«ቅዳሜ ተናግሬ ጨርሻለሁ» አሉ ኦቦ ገለታ። «በጥቅምት ተደፍኗል ብዬ የፈረድኩት እኔ ነኝ። ያ ፍርድ እስካሁን አልተነሳም፣ ዘገየ። ይህ ልጅ ገንዘቡን ተቀብሎ ከታረቀ ፍርዱ እንደቆመ ይቀራል። ነገ ጠበቃህ ማስረጃ አድርጎ ይዞት ችሎት ይቀርባል። ለዚህ ነው የቸኮልከው?»

ሁሉም ዘሩባቤልን አዩት።

ዘሩባቤል ካቴናው የበላውን አንጓውን እያሻሸ ወደ ግድግዳው ቀረበ። በጣት የተጠቀጠቀውን ሲሚንቶ በመዳፉ ዳበሰው። ሲናገር አልጮኸም።

«ገንዘቡን አልቀበልም፣ አልታረቅምም። አቤቱታዬን ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት አስገባለሁ። ቀዳዳው ክፍት ነበር ብሎ ዳኛ እስኪፈርድ ድረስ፣ አንተ ሙሉውን ብትመልስልኝ እንኳ ክሴን አላነሳም።»